ከጭሱ ተነስቶ መውጣት ስለማይችለው ልጅ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሞ ለእኔም ደረሰኝ። የላከችልኝ ጓደኛዬ ናት። እሷ ኦቲዝም ያለባት ልጅ ታሳድጋለች። እኔ ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም በአንጎል ጉዳት ሳቢያ የሰውነት እንቅስቃሴን የሚያውክ ችግር ያለበት ልጅ አሳድጋለሁ። "አንብቢውና ደውይልኝ" ይላል መልእክቷ። አንብቤ ደወልኩ። ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። "እና ልጄን ያበላሸኋት እኔ ነኝ ማለት ነው?" አለችኝ። ይህን ምላሽ ለመጻፍ የወሰንኩት ያኔ ነው።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች የሚያስፈልጋቸው ትምህርት ቤት፣ ዊልቸርና ሕክምና ነው። ስለ ጭስ፣ ስለ ቀለምና ስለ ውሃ ማውራት ትኩረት መበተን ነው። ጭሱ እንደሆነ የሁሉም ልጅ ነው፤ ደግሞስ በጭስ ያላደገ ማን አለ? አፈርና ቀለም የሚበላ ልጅ ካለ የእናት ቁጥጥር ጉድለት ነው። ብክለት ፋብሪካ የሞላባቸው አገሮች ጣጣ ነው። ድህነቱ ሲቀረፍ ሌላውም አብሮ ይቀረፋል። ጸሐፊው አንድ ማስጠንቀቂያም ጨምረዋል፤ "ልጅዎን ከመርዝ አጥበን ከኦቲዝም እናድናለን" ከሚሉ ሰዎች ተጠንቀቁ ይላሉ። መጨረሻ ላይ "ታዲያ ደሃዋ እናት ምን ታድርግ?" ብለው ጠይቀው ያቆማሉ።

ጸሐፊው ክፉ ሰው አይመስሉኝም። ለልጆቻችን እንደሚያስቡ ከአጻጻፋቸው ይታያል። ግን ተሳስተዋል። ስህተታቸው ደግሞ እንደኛ ባለ ቤት ውስጥ ዋጋ ያስከፍላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የ9 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ልጄ አይራመድም። ሲውጥ ትን ይለዋል። አንዳንዴም ይጥለዋል። እነዚህን 9 ዓመታት ያገኘሁትን ባለሙያ ሁሉ ስጠይቅና ሳነብ ነው የኖርኩት።

"ጭሱ የሁሉም ልጅ ነው" ከሚለው ልጀምር። ዋናው ነገር እሱ ነው።

እንጀራ ሲጋገር ቤታችን ውስጥ የሚሆነውን አስቡት። ጭራሮው ይቀጣጠላል፤ ጭሱ ማድ ቤቱን ይሞላዋል። የሚራመደው የ3 ዓመት ልጅ ዓይኑን ያሻሻል፣ ሁለቴ ያስላል፣ ከዚያ ሮጦ ይወጣል። ማንም አላስተማረውም። እግሩ ነው ያዳነው። የእኔ ልጅ ግን ያስቀመጥኩት ቦታ ላይ ነው። ዓይኑ እንባ ያቀራል። ያጉረመርማል። ምጣዱ ላይ ያለው እስኪወጣና እጄን እስክጠርግ ድረስ እዚያው ነው። 2 ሰዓት፣ አንዳንዴም 3 ሰዓት። በሳምንት ሁለቴ።

"ታዲያ ለምን ማድ ቤት ታስገቢዋለሽ?" ትሉኝ ይሆናል። ይጥለዋላ! ሌላ ክፍል ትቼው ቢጥለው ወይም ምራቁ ትን ቢለው ማን ይደርስለታል? ከዓይኔ እንዳይርቅ ስል አጠገቤ አስቀምጠው ነበር። ጭስ ውስጥ የከተተው ጥበቃዬ ራሱ ነው። ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አሁንም ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

እንዲህ ያለ ልጅ ሳንባውም እንደ ሌላው ልጅ አይደለም። ማንኛውም ልጅ ከክብደቱ አንጻር ከአዋቂ የበለጠ አየር ይስባል። ይህ የሁሉም ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ግን ተጨማሪ አለበት። የደረቱ ጡንቻ ስለሚደክም ሳሉ ጉልበት የለውም። የገባውን ጭስና አክታ መልሶ ማውጣት ያቅተዋል። ምግብና ምራቅ ወደ ሳንባው ሾልኮ ይገባል። ጀርባው እየጎበጠ ሲሄድ ሳንባው መስፊያ ቦታ ያጣል። በዚህ ላይ ጭሱ የመተንፈሻ ቱቦን የሚጠርጉትን ጥቃቅን ፀጉሮች ያዳክማል። አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል። ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን ሰዎች ከሁሉ በላይ ለሞት የሚዳርገው የመተንፈሻ አካላት ሕመም የሆነው በከንቱ አይደለም።

ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ሪፖርት አለ። በዓለም ላይ ወደ 240 ሚሊዮን የሚጠጉ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች እንዳሉ ይገልጻል። እነዚህ ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ የመተንፈሻ አካላት ኢንፌክሽን ምልክት የመታየት ዕድላቸው በ53 በመቶ ይበልጣል። ምክንያቱ ጭስ ብቻ ነው አልልም። ግን "የሁሉም እኩል ነው" የሚለው አባባል ከዚህ ቁጥር ጋር እንዴት ይታረቃል?

ስለ ወለሉም ላንሳ። የሚዳኽ የ8 ዓመት ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሰፈሩ የጋራ ሽንት ቤት ሲሄድ እኛ በጫማ የምንረግጠውን እሱ በመዳፉ ይረግጠዋል። ትኋን ለማጥፋት ወለሉ ላይ የተረጨው መርዝ እጁ ላይ ነው። እጁ ደግሞ አፉ ውስጥ ነው። ቤቱ አንድ፣ ግቢው አንድ፤ የሚደርሰው መጠን ግን ለየቅል ነው።

"በጭስ ያላደገ ማን አለ?" ለሚለው ብዙ አልቆይም። በጭስ ምክንያት ያላደጉት ልጆች ይህን ጽሑፍ አንብበው ሊመልሱ አይችሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ከ237,000 በላይ የሚሆኑት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ያደግነውም ብንሆን እናቶቻችንን እናስታውስ። ዓይናቸው ቀልቶ፣ ደረታቸው እያፏጨ ነው ያረጁት። "ምንም አልሆንም" የምንለው እነሱን ሳንቆጥር ነው።

ስለ ጭስ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ሲጥለው ክብሪት ጭረው ጭሱን አፍንጫው ሥር የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ለእኔም ልጅ ተደርጎለታል። ያደረጉለት ጎረቤቶቼ ወደውት፣ ደንግጠውለት ነው። ነገር ግን ክብሪት የሚጥል በሽታን አያቆምም። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በራሱ ይቆማል። ልጁን በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። መተንፈስ አቅቶት ለሚታገል ልጅ ጭስ መስጠት ይከፋበታል እንጂ አይረዳውም።

እሳቱስ? የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ ስለሚጥል በሽታ አጥንተዋል። ከዚያ ወዲህ በገጠሩ ደጋግሞ የታየው ነገር ቃጠሎ ነው። መሬት ላይ በተተከለ ጉልቻ ዙሪያ የሚኖር ቤተሰብ ውስጥ የሚጥለው ልጅ እሳት ላይ ይወድቃል። አረፋው ይተላለፋል ብለው የሚፈሩ ሰዎች ደግሞ ቶሎ አያነሱትም። በሽታው አይተላለፍም። ይህን ጮክ ብሎ መናገር ያስፈልጋል። ምድጃን ከመሬት ከፍ ማድረግና ዙሪያውን መከለል ለሌላው ቤት ምቾት ነው። ለእንዲህ ያለ ልጅ ግን የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው "ሕክምና ይቅደም" ሲሉ ይህ ሕክምና አይመስላቸውም። እኔ ግን ከኪኒኑ ለይቼ አላየውም።

"ትኩረት መበተን" ለሚሉትም ከራሴ ቤት ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት ልጄ በፊዚዮቴራፒ 8 ወር ሙሉ ለፍቶ አንገቱን ቀና አድርጎ መያዝ ጀመረ። ያቺን ቀን አልረሳትም። ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ ማድ ቤት ውስጥ ዘጋብን። መብራት ሲጠፋ በከሰል፣ ከሰል ሲወደድ በእንጨት እናበስል ነበር። ልጄ የሳንባ ምች ይዞት 11 ቀን ሆስፒታል ተኛ። ስንወጣ አንገቱ ተመልሶ ወድቋል። ከዜሮ ጀመርን። በቀጣዩ ክረምት ያው ተደገመ። እስቲ ይንገሩኝ፤ የቱ ነው ትኩረት መበተን? ፊዚዮቴራፒውን ብቻ ይዞ ጭሱን መተው አይደለም እንዴ?

አሁን ጓደኛዬን ያስለቀሳት ላይ ደርሻለሁ። "አፈርና ቀለም የሚበላ ልጅ ካለ የእናት ቁጥጥር ጉድለት ነው" የሚለው።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው። ምግብ ያልሆነ ነገር የመብላት ፍላጎት በሕክምናው ዓለም ስም አለው። ፓይካ ይባላል። ማንኛውም ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፤ ከዚያ ይተዋል። ኦቲዝም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ብዙ ልጆች ግን ቶሎ አይተዉትም። 7 ዓመት፣ 10 ዓመት ሆኗቸውም ይቀጥላል። አንዳንዴ በደም ውስጥ የአይረን እጥረት ያባብሰዋል። ጸባይ አይደለም። ቅብጠት አይደለም። በቁጣም በኩርኩምም አይጠፋም።

የጓደኛዬ ልጅ የምትወደው የመስኮቱን ብረት ነው። አሮጌ የቀበሌ ቤት ነው የሚኖሩት። ብረቱ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ በላዩ ሌላ፣ በላዩ ደግሞ ሌላ። አሁን ይላላጣል። ልጅቷ ትልሰዋለች፣ በጥርሷ ትልጠዋለች። እናቷ በፕላስተር ጠቀለለችው፤ ልጅቷ ወደ በሩ ዞረች። በሩን ሸፈነችው፤ ወደ አልጋው ብረት ሄደች። ጓደኛዬ ጠዋት ልብስ ታጥባለች፣ ከሰዓት ጉሊት ትቀመጣለች፣ ሌሊት ልጅቷ ስለማትተኛ አብራ ትነቃለች። "ቁጥጥር" የሚለውን ቃል ለዚች ሴት መጻፍ በጣም ይከብዳል።

ቀለሙ ውስጥ ምን አለ ብለን እንጠይቅ። ብዙ አሮጌ የዘይት ቀለሞች እርሳስ አለባቸው። እርሳስ ስል ሊድ የሚባለውን ብረት ነው እንጂ የምንጽፍበትን አይደለም፤ የምንጽፍበት ውስጥ ይህ ብረት የለም። እርሳስ ያለበት ቀለም ጣፈጥ ይላል። ልጅ መልሶ መላልሶ የሚልሰው አንዱ ለዚህ ነው። አንድ ልጅ የዋጠውን እርሳስ ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ አብዝቶ ወደ ደሙ ያስገባል። ደሙ ውስጥ አይረን ካነሰ ደግሞ ይብስበታል፤ አንጀቱ አይረን ፍለጋ ሲሻማ እርሳሱንም አብሮ ይስባል። እንግዲህ አስቡት። ምግብ የምትመርጥ፣ እንጀራና ሻይ ብቻ የምትቀበል ልጅ አይረኗ ያንሳል። አይረኗ ሲያንስ ቀለም መላስ ያምራታል። ቀለሙን ስትልስ እርሳሱ ከሌላው ልጅ በላይ ይገባል። ይህ ሁሉ በአንዲት ልጅ ላይ ነው የሚደርሰው።

የዓለም ጤና ድርጅት በደም ውስጥ "ይህን ያህል ቢሆን ግድ የለም" የሚባል የእርሳስ መጠን የለም ይላል። እርሳስ አእምሮን ነው የሚጎዳው። ትኩረት ያሳጣል። ትምህርት ያከብዳል። ቁጡና ነጭናጫ ያደርጋል። ሲበዛ ይጥላል፣ ይገድላልም። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ነው የሚሠራው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ይህ ነው። ሌላ ልጅ ድንገት ነጭናጫ ቢሆን፣ የሚያውቀውን ቢረሳ፣ ሆዱን ቢያመው ቤተሰቡ "ምን ሆነ?" ብሎ ይጠይቃል። የጓደኛዬ ልጅ እንዲህ ስትሆን ግን መልሱ ዝግጁ ነው። "ኦቲዝሟ ነው።" ማንም ከዚያ አልፎ አይፈልግም። እኔና ጓደኛዬ ባለፉት ዓመታት ስንት በር አንኳኳን። የደም ማነስ መርምረዋል። ታይፎይድ መርምረዋል። "ቤታችሁ ቀለሙ ይላላጣል ወይ? ልጅቷ ምን ትልሳለች?" ብሎ የጠየቀን አንድም ሰው የለም። ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም ነበር።

አገራችን በዚህ ጉዳይ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ይህንም ጸሐፊው ማወቅ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ ገድቧል። በአንድ ኪሎ ደረቅ ቀለም ከ90 ሚሊግራም እንዳይበልጥ። ጥሩ ሕግ ነው። ግን የሚይዘው ነገ የሚቀባውን ቀለም ነው። ትናንት የተቀባው እዚያው ግድግዳው ላይ ነው። ለበዓል ቤት እናሳምር ብለን አሮጌውን በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ ስንፍቀው ደግሞ ዱቄት ሆኖ ቤቱን ይሞላዋል። ያ ዱቄት የሚያርፈው ወለል ላይ ነው፤ የሚዳኸው ልጅ እጅ ላይ።

አንድ ነጥብ ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። "መርዙን ከልጅዎ ደም አጥበን ከኦቲዝም እናድናለን" የሚሉ ሰዎች አሉ። ጸሐፊው ስለ እነሱ ማስጠንቀቃቸው ትክክል ነው፤ ይህ አደገኛ ነው። እርሳስ የሚያወጣው መድኃኒት እውነተኛ መድኃኒት ነው። የሚሰጠው ግን በደም ምርመራ እርሳሱ ከፍ ማለቱ ለተረጋገጠ ልጅ፣ በሆስፒታል ክትትል ነው። ኦቲዝምን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ፔንሲልቬንያ ውስጥ አንድ የ5 ዓመት ልጅ ለኦቲዝሙ ተብሎ እንዲህ ዓይነት መድኃኒት ሲሰጠው ሞቷል። ስለዚህ ቃሌን አጥብቄ ልናገር። የጓደኛዬ ልጅ ኦቲዝም ከመስኮቱ ቀለም አልመጣም። እናቷም አላመጣችውም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ኦቲዝሟ ወደ ቀለሙ ወሰዳት፤ ቀለሙ ደግሞ ሌላ ሸክም ሊጨምርባት ይችላል። ያኛውን ማንሳት ባንችል ይህኛውን መከላከል እንችላለን።

"ብክለት ፋብሪካ የሞላባቸው አገሮች ጣጣ ነው" ይላሉ። እኔ የተወለድኩት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። እትብቴ የተቀበረበት አካባቢ ፋብሪካ የሚባል አልነበረም። ጥርሴን ብታዩት ግን በልዟል። የወንድሞቼም፣ አብረውኝ የተማሩት ልጆችም እንደዚያው። ውሃው ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሟሟ ፍሎራይድ የጉድጓድ ውሃችን ውስጥ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በስምጥ ሸለቆ ከዚያ እጅግ የበለጠባቸው ጉድጓዶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 እነ ፕሮፌሰር ረዳ ባሳተሙት ጥናት፣ እዚያው ተወልደው ካደጉ የተመረመሩ ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው ተጎድቶ ተገኝቷል። ወንጂ አካባቢ ደግሞ ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ ከ10 ዓመት በላይ የጠጡ ሰዎች አጥንታቸው ተያይዞ፣ ጀርባቸው ደርቆ፣ አንዳንዶቹም የጀርባ ነርቫቸው ተጨፍልቆ መራመድ አቅቷቸዋል። ይህ አካል ጉዳት ነው። ምንጩ የሚጠጣ ውሃ ነው። ውሃውን መርጦ መጠጣት ያልቻለ ልጅ ደግሞ የሰጡትን ነው የሚጠጣው።

ጓያስ? ጎንደርና ወሎ ያደገ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። ድርቅ ሲመጣ ሌላው እህል ይከስማል፤ ጓያ ግን ይበቅላል። ለወራት ጓያ ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይሳሰራል። አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1976 እና 77 በደንቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹ ማብቂያ ደግሞ በደላንታና በዳውንት የደረሰው ይኸው ነው። ሕዝቡ እንፋሎቱን ሳይቀር ይፈራዋል፤ ጓያ ሲቀቀል ልጆቹን ያርቃል። እንፋሎቱ እንኳ ጉዳት አያመጣም፤ የሚጎዳው መብላቱ ነው። ነገር ግን ገበሬው አፈርና ዝናብ፣ ምግብና እግር የተያያዙ መሆናቸውን ከማናችንም በፊት አውቆታል።

የመጨረሻው መከራከሪያ "ድህነቱ ሲቀረፍ ሌላው አብሮ ይቀረፋል" የሚል ነው። እዚህ ላይ ሩቅ አገር ልሂድ። ጃፓን ውስጥ ሚናማታ የሚባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አለ። ቺሶ የተባለ የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕሩ ይለቅ ነበር። ሰዉ ዓሣውን ይበላል። በሽታው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ፋብሪካው ግን እስከ 1968 መልቀቁን አላቆመም። ጃፓን በዚያ ጊዜ እየደኸየች አልነበረም፤ በፍጥነት እያደገች ነበር።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የዚያ ታሪክ አንድ ክፍል አለ። እዚያ የሚወለዱ ሕፃናት አንገታቸው አይጸናም፣ አይውጡም፣ አይራመዱም ነበር። እናቶቻቸው ደህና ይመስላሉ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ላይ "ሴሬብራል ፓልሲ ነው" አሉ። ከማህፀን የገባ የሜርኩሪ መርዝ መሆኑ የታወቀው በ1962 ነው። እኛ የልጅን እትብት እንቀብራለን፤ እነሱ አድርቀው በትንሽ ሣጥን ያስቀምጣሉ። ኋላ ላይ ያ የተቀመጠ እትብት ተመርምሮ ሜርኩሪው ተገኝቶበታል። የእኔ ልጅ ጉዳት የመጣው በወሊድ ጊዜ ከደረሰበት መታፈን ነው፤ ከሜርኩሪ አይደለም። ግን የእነዚያን እናቶች ዓመታት አውቃቸዋለሁ። "ምን በልቼ ነው? ምን አድርጌ ነው?" እያሉ ያለፉትን ሌሊቶች።

ቅርብ ጊዜ ይሁን ካሉም ሴኔጋል አለ። ዳካር አጠገብ ቲያሮዬ ሱር ሜር በተባለ ሰፈር ሰዎች ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ እየለቀሙ ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉ ጥቂት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። ከተረፉትም አእምሯቸው የተጎዳ አሉ። ባትሪውን ያመጣው ዕድገቱ ነው፤ መኪናው ሲበዛ ባትሪው በዛ። በእኛም ከተሞች ባጃጁና ሶላሩ እየበዛ ነው። አሮጌው ባትሪ የት ነው የሚቀልጠው? ከማን ጓሮ?

ተቃራኒውም እውነት ነው። እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ማቆም ሀብት አልጠበቀም። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መግቢያ ላይ አቁመዋል። በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ነበረች፤ በ2021። ደሃ ሆነን ያደረግነው ነገር ነው። መወሰን ብቻ ነበር የሚጠይቀው።

"ታዲያ ደሃዋ እናት ምን ታድርግ?" ጥያቄው ጥሩ ነው። የጠየቁት ግን መልስ የለውም ብለው ነው፤ አለው።

መጀመሪያ ልጁን ከጭሱ ማውጣት። ምድጃ መቀየር ካልተቻለ ልጁን መቀየሪያ ቦታ መፈለግ። አቅም ካለ ምርጥ የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ፤ ለከሰል ደግሞ ላቀች የሚባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃ። ፌስታል አቀጣጥሎ እሳት መለኮስን መተው፤ የፕላስቲክ ጭስ ከእንጨቱ የባሰ ነው። በተዘጋ ቤት ከሰል ይዞ አለመተኛት። ቀና አድርጎ ማብላት፣ ከበላም በኋላ ቶሎ አለማጋደም። የሚዳኸውን ልጅ እጅ ከምግብ በፊት በሳሙና ማጠብ፤ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ። የሚላላጥ ቀለምን አለመፋቅ፤ መሸፈን። ደም ሲመረመር አይረኑን መጠየቅ። ከነዚህ አብዛኞቹ ከሳሙና ዋጋ አይበልጡም።

እናት ብቻዋን የማትችለውም አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ የት እንደሚውል ይጠይቁ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚደበቅ፣ ታስሮ የሚውል ልጅ አለ፤ ያ ጓዳ ብዙ ጊዜ ማድ ቤቱ ነው። ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልጆች ክፍል ሲሰጥ ከቆሻሻ ማቃጠያው አጠገብ ያለው ክፍል አይሁን። የእርሳስ የደም ምርመራ ቢያንስ በትልልቅ ሆስፒታሎች ይኑር።

እኔ ቅዳሜ ጠዋት ልጋግር ስል ልጄን አዝዬ ወደ ጎረቤቴ በረንዳ እወስደዋለሁ። እማማ ጥጣቸውን እየፈተሉ አጠገቡ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ይጥለዋል ብለው ፈርተው ነበር። በጎኑ እንዴት እንደሚያስተኙት አሳየኋቸው። አንድ ቀን ጣለው፤ አስተኙት፤ ክብሪት አልጫሩም። ያለፈውን ክረምት ሆስፒታል ሳንገባ ወጣን። በዚህ ብቻ ነው አልልም። አንገቱ ግን ቀና እንዳለ ነው።

ጓደኛዬም ትናንት ደወለች። የወንድሟ ልጅ አናጺ ነው፤ የመስኮቱን ብረት በቀጭን ጣውላ ለበደላት። ልጅቷ አሁን ጣውላውን እንደ ከበሮ ትመታዋለች። አይረን ታዞላት ጀምራለች። የእርሳሱን ምርመራ ግን እስካሁን አላገኘንም። የት እንደሚሠራ እየጠየቅን ነው።